ከተርባይኑ እስከ ማሽኑ፦ የኢትዮጵያ ኃይልና ኢንዱስትሪ ዳሰሳ

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ከተጣለ 14 ዓመት ከአምስት ወር አልፎ ነበር። በነዚህ ዓመታት መምህሩ ከደመወዙ አስቆርጦ ቦንድ ገዛ፣ ገበሬው ከእህሉ ሸጦ አዋጣ፣ በየአረብ አገሩ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ካጠራቀመችው ላከች፣ ተማሪው በ8100 መልእክት እየላከ ተሳተፈ። የግድቡን ሥራ ከጥንስሱ የመሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም ሲያርፉ ግንባታው ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ዛሬ 13ቱ ተርባይኖች 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። በአገሪቱ ያሉት ሌሎች ጣቢያዎች በሙሉ ቢደመሩ ይህን አይሞሉም።

ሕዝብ ይህን ያህል የለፋበት ሥራ አንድ ጥያቄ ይገባዋል። ይህ ኃይል ፋብሪካ ያንቀሳቅሳል ወይ? ወጣቱን በሥራ ይይዛል ወይ? የዚህ ጸሐፊ መልስ እንዲህ ነው፤ ሊያንቀሳቅስ ይችላል፣ ዛሬ ግን በበቂ አያንቀሳቅስም። ምክንያቱም ከግድቡ ዘንድ አይገኝም። ከተርባይኑ ተነሥቶ ማሽኑ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ በማስተላለፊያ መስመሩ፣ በማከፋፈያ ጣቢያው፣ በሰፈር ትራንስፎርመሩ፣ ምሰሶውን በሚጠግነው ሠራተኛ፣ ቆጣሪውን በሚያስገባው ቢሮ። ለዚህ መንገድ የተሰጠው ገንዘብም ትኩረትም ለግድቡ ከተሰጠው ጋር አይወዳደርም።

ኃይል ለፋብሪካ ሲለካ

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በአዲስ አበባ አጠገብ በአቃቂ ወንዝ ላይ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር፤ በዘመኑ ግን ከተማዋን ያበራ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ቆቃ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። ቆቃ መብራት ብቻ አልሰጠም። የአዋሽን ውኃ በክረምት እያቆረ በበጋ በመልቀቅ ታች ያለውን የወንጂን አገዳ አጠጥቷል። ስኳር ፋብሪካውና ግድቡ አንድ ሥራ ነበሩ ማለት ይቻላል። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በጢስ ዓባይ 11.4 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ጣቢያ ተተከለ። ዋና ዓላማው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ማንቀሳቀስ ነበር። መጀመሪያ ፋብሪካው ታሰበ፤ ቀጥሎ ምን ያህል ኃይል ይፈልጋል ተባለ፤ ከዚያ ጣቢያው ተሠራ።

ፊንጫና መልካ ዋከና ተጨምረውም እስከ 1990ዎቹ ድረስ የአገሪቱ አቅም በጥቂት መቶ ሜጋ ዋት የሚቆጠር ነበር። ከዚያ የግድብ ዘመን መጣ። ግልገል ጊቤ አንድ 184፣ ተከዜ 300፣ ግልገል ጊቤ ሁለት 420፣ በለስ 460፣ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ጊቤ ሦስት ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። በዚህ ዘመን ስሌቱ ተገለበጠ፤ ኃይሉ ቀድሞ ይምጣ፣ ፋብሪካው ተከትሎ ይመጣል ተባለ። ይህን አስተሳሰብ ማቃለል አይገባም። ያለ ኃይል ፋብሪካ የተከለ አገር የለም፤ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ በመብራት ፈረቃ የሚሠሩትን ፋብሪካዎች ያየ ሰው ግድብ ይቅደም ቢል አይፈረድበትም። ጎደሎው ሌላ ነው። ኃይሉ በሺዎች ሜጋ ዋት ሲያድግ ወደ ፋብሪካው የሚያደርሰው መረብ በዚያው ፍጥነት አላደገም።

መጠኑን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በሰሜን ሸዋ በመስከረም 2017 ዓ.ም የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም አለው ተብሏል። ሲሚንቶ በየትም አገር ለአንድ ቶን 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ 60 ሜጋ ዋት ያህል ይስባል ማለት ነው። ይህ ከመላው ቆቃ ይበልጣል። ቆቃ በዘመኑ የአንድ አገር ኩራት ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ፋብሪካ አይበቃም። በኢንዱስትሪ መንገድ መሄድ ይህን ዓይነት ኃይል ባንድ ቦታ ሳይቆራረጥ ማድረስ ነው፤ ይህ ደግሞ ከፍተኛ መስመርና ጠንካራ ማከፋፈያ ጣቢያ ይጠይቃል።

5,150 ስንል

የሕዳሴው ግድብ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው ሲባል ሁሉም ተርባይን ባንድ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ቢዞር የሚገኘው ነው። በዓመት ይገኛል ተብሎ የሚታሰበው ግን 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ለዓመቱ ሰዓታት ሲካፈል በአማካይ 1,800 ሜጋ ዋት ያህል ይሆናል። ቀሪው አቅም ፍላጎት ከፍ በሚልበት ሰዓትና ውኃ በሚበዛበት ወቅት የሚሠራ ነው። ይህ የግድቡ ጉድለት አይደለም፤ የውኃ ኃይል ጠባይ ነው። ነገር ግን በአደባባይ ንግግር 5,150ን እንደ ቋሚ ገቢ የሚቆጥር ብዙ ነው፤ እቅድም በዚያ ስሌት ከወጣ ነገ ያሳፍራል።

ዝናብ ምን እንደሚያደርግ ሩቅ ሳንሄድ አይተናል። በግንቦት 2011 ዓ.ም የጊቤ ሦስት ሐይቅ ውኃ በመቀነሱ መንግሥት የ476 ሜጋ ዋት እጥረት መኖሩን አስታወቀ፤ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ሲሚንቶና ብረት ፋብሪካዎች ሥራ ቀነሱ፤ ወደ ሱዳን የሚላከውም ቆመ። ያኔ ፋብሪካ ስንት ደመወዝ ያለ ሥራ እንደከፈለ ሠራተኛውም ባለቤቱም ያውቁታል። አሁን ዓባይና ኦሞ የተለያዩ ተፋሰሶች ስለሆኑ አንዱ ቢጎድል ሌላው ሊደግፍ ይችላል፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ሁለቱም ከአንድ ክረምት የሚጠጡ ናቸው።

የነፋስ ኃይል ነገሩን የሚያቀልበት መንገድ አለ፤ በኢትዮጵያ ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ሐይቆቹ በሚወርዱበት ጊዜ ነው። አሸጎዳ 120፣ አዳማ አንድና ሁለት በድምሩ 204 ሜጋ ዋት አላቸው፤ አይሻና አሰላም ተከትለዋል። ይህ ሁሉ ግን ከውኃው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በእንፋሎት ኃይል ደግሞ እጅግ የሚቆጭ ነገር አለ። ያው ስምጥ ሸለቆ ኬንያ ሲደርስ ከ900 ሜጋ ዋት በላይ ይሰጣል። በእኛ በኩል አሉቶ ላንጋኖ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በ7.3 ሜጋ ዋት ጀምሮ እዚያው አካባቢ ቀርቷል። ጉድጓድ መቆፈር ውድ ነው፣ ደረቅ ጉድጓድ ያጋጥማል፤ ነገር ግን የምድር እንፋሎት ዝናብ አይጠብቅም፣ ቀንና ሌሊት አይለይም። ፋብሪካ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

ፀሐይም ተሞክሮ ነበር። በመስከረም 2012 ዓ.ም የሳዑዲው አክዋ ፓወር ለጋድና ለዲቼቶ ጣቢያዎች በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ዋጋ አቅርቦ ጨረታ አሸነፈ። በወቅቱ በአፍሪካ ከተሰሙት ዝቅተኛ ዋጋዎች አንዱ ነበር። ጣቢያዎቹ አልተሠሩም። የግል ባለሀብት ኃይል የሚሸጠው በብር ከሆነ ብሩን ወደ ዶላር ለመለወጥ ዋስትና ይሻል፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ባለበት አገር ይህን ዋስትና መስጠት ከባድ ነው። የኃይሉን ዋጋ ዝቅ ያደረገው ፀሐዩ ነበር፤ ሥራውን ያስቀረው ግን ከፀሐይ ጋር ግንኙነት የሌለው የባንክ ጉዳይ ነበር።

ምጣዱና ማሽኑ

አሁን ወደ ዋናው ቦታ እንምጣ።

የኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚጠቀምባቸው የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የእንጀራ ምጣድን የሚያህል የለም። ሲጋገርበት ከ3 እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ 315 ኪሎ ቮልት አምፒር የሆነ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ፣ ባንድ ጊዜ የሚሸከመው 90 ያህል ምጣድ ነው። ለፋሲካ ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ባንድ ሰዓት ሲያሞቅ መብራት የሚጠፋው ለዚህ ነው። ግድቡ ሞልቶ፣ ተርባይኑ እየዞረ፣ መስመሩም ኃይል ይዞ እያለ እናት ሊጧን ይዛ ትቀመጣለች። በትራንስፎርመሩ ላይ የተንጠለጠለው ቤት ቁጥር በየዓመቱ ሲጨምር ትራንስፎርመሩ ግን ያው ነው። ሙቀቱ ሲበዛበት ዘይቱ ይበላሻል፣ መጠምጠሚያው ይነዳል፤ የተቃጠለውን እስኪቀይሩ ሰፈሩ ቀናት በጨለማ ይቆያል።

ብዙ አነስተኛ ፋብሪካዎች ከዚሁ የሰፈር መስመር ነው የሚስቡት። የእንጨት ሥራው፣ ብየዳ ቤቱ፣ የቅባት መጭመቂያው፣ ዳቦ ቤቱ። ምሽት ላይ ኃይሉ ሲወርድ ሞተር ይንገበገባል፣ ይቃጠላል፤ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲሄድ ደግሞ ባለቤቱ ቶሎ ካላጠፋው ሞተሩን ዳግመኛ ወደ አስጠምጣሚ ይወስደዋል።

ትልልቆቹ ዘንድ ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ መብራት ሲቋረጥ በማሽኑ በርሜል ውስጥ ቀልጦ የነበረው ጥሬ ዕቃ ይረጋል፤ አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ እንደገና አሙቆ ወደ ሥራ መመለስ ሰዓታት ይወስዳል። ክር ፈተላ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክሮች ባንዴ ይበጠሳሉ፤ ሴቶቹ ሠራተኞች አንድ በአንድ ሲቀጥሉ ፈረቃቸው ያልቃል። ብረት ማቅለጫ ላይ ቅላጩ ምድጃው ውስጥ ከደረቀ ምድጃውም ይጎዳል። ወተት ማቀነባበሪያ ላይ የቀዘቀዘው ይሞቃል፤ የሚደፋው ወተት የገበሬው ነው። ስለዚህ መብራት በወር ስንት ሰዓት ጠፋ ብሎ መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ስንት ጊዜ ጠፋ የሚለው ለፋብሪካ የበለጠ ይመዝናል። አንድ ጊዜ አምስት ሰዓት የጠፋ መብራት አምስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ከጠፋው ያነሰ ሊጎዳ ይችላል። ይህን ልዩነት በሕዝብ መድረክ የሚያነሣ ባለሥልጣን ብዙም አላጋጠመኝም።

ሁሉም ጄኔሬተር ይገዛል። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይበላል፤ ናፍጣው በዶላር ይመጣል፤ የሚሰጠው ኃይል ከመረቡ ብዙ እጥፍ ውድ ነው። ገና ከመነሻው በውድ ኃይል የተመረተ ሸሚዝ ከቬትናም ወይም ከባንግላዴሽ ሸሚዝ ጋር ገበያ ላይ ምን ያደርጋል?

መረቡ ራሱም ያባክናል። ከሚመነጨው ከአምስት አንድ ያህሉ ገዢው ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል፤ ከፊሉ ባረጀና ከመጠን በላይ በተጫነ ሽቦ ሙቀት ሆኖ፣ ከፊሉ ያለ ቆጣሪ በተቀጠለ መስመር። ይህን ብክነት በግማሽ መቀነስ አንድ ትልቅ ጣቢያ እንደ መገንባት ነው፤ ሐይቅ አይሞላም፣ ሕዝብ አያፈናቅልም፣ ከታች ካለ አገርም ጋር አያጨቃጭቅም። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የፈረሱትን ምሰሶዎችና ጣቢያዎች፣ ብረታቸው እየተፈታ የሚሸጠውን የከፍተኛ መስመር ማማዎች ስንጨምርበት የጥገናው ሸክም ይከብዳል። የማማ ብረት ሰርቆ የሚሸጥ ሰው አንድ ኩንታል ብረት ሲያገኝ ከተሞች ቀናት በጨለማ ይውላሉ።

ሌላም ነገር አለ። ቀድሞ መብራት ኃይል ብለን የምናውቀው ድርጅት በ2006 ዓ.ም ለሁለት ተከፈለ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለደንበኛው ያከፋፍላል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሥራው ሲለይ ተጠያቂነቱም ይለያል ተብሎ ነው። ነገር ግን ብዙውን ገንዘብ፣ ብድርና ትኩረት ያገኘው የመጀመሪያው ነው። ደንበኛውን ፊት ለፊት የሚያየው፣ የሚሰደበውም ሁለተኛው ነው፤ በጀቱ ግን ከሁሉ ያነሰ ነው። ፋብሪካ ሊተክል የመጣ ሰው ደግሞ ትራንስፎርመሩንና ምሰሶውን ራሱ ገዝቶ፣ መስመሩን በራሱ ወጪ አስዘርግቶ ኃይል የሚጠብቅበት ሁኔታ የተለመደ ሆኗል። ትልቁ ባለሀብት ይችለው ይሆናል። አሥር ሰው የሚቀጥረው አምራች አይችለውም፤ እርሱ ነው ደግሞ ነገ የሚያድገው።

ሼዱ ተሠርቶ

የኢንዱስትሪ ፓርኮቹ አሳብ ከዚህ ችግር ማምለጫም ነበር። ኃይል፣ ውኃ፣ መንገድ፣ የጉምሩክ ቢሮ ባንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ባለሀብቱ ማሽኑን ብቻ ይዞ ይግባ ተባለ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም የተመረቀው የሐዋሳ ፓርክ የዚህ አሳብ ምርጥ ሥራ ነው። ዘጠኝ ወር በማይሞላ ጊዜ ተሠራ መባሉ፣ የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ መጠቀሙ፣ እንደ ፒቪኤች ያለ ትልቅ የልብስ ኩባንያ መሳቡ በአፍሪካ የተወራለት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ሥራ አገኙበት። መቀሌ፣ ኮምቦልቻ፣ አዳማ፣ ጅማ፣ ደብረ ብርሃን፣ ባሕር ዳር ተከተሉ።

ቀጥሎ የሆነው ይታወቃል። ጦርነቱ ተነሣ፤ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚሰጠው ከቀረጥ ነጻ የአሜሪካ ገበያ ወጣች። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ ይሰፉ የነበሩ ሼዶች ባዶ ሆኑ። በዝቅተኛ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍላ፣ የቀረችውን ለቤተሰብ ትልክ የነበረች ልጅ ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ቀዬዋ ተመለሰች ወይም ወደ አረብ አገር የሚወስድ ደላላ ፈለገች። ይህን በቁጥር ብቻ ማስቀመጥ አልወድም።

ስለዚህ መብራት ብቻውን ፋብሪካ አያቆምም። ገበያው ባንድ ውሳኔ ሊዘጋ ይችላል፤ ሰላም ይጠይቃል፤ ክሩ፣ ጨርቁ፣ ቁልፉ ሳይቀር ከውጭ ከመጣ ደግሞ ፋብሪካው የልብስ ስፌት ቤት ሆኖ ይቀራል። ጥጡ በአፋርና በሁመራ እያለ ማግ ከውጭ የሚገዛበት ሁኔታ ብዙ ዓመት ቆይቷል። የአምራች ዘርፉ ድርሻ በአጠቃላይ ምርቱ ውስጥ ለዓመታት ከአሥር በመቶ በታች እንዳለ ነው፤ ፓርኮቹ ይህን ቁጥር አላነሡትም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በፊት ደግሞ የመለዋወጫ ዕቃ ዶላር ለማግኘት ፋብሪካ ወራት ይጠብቅ ነበር። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ወረፋው ቀለለ፤ ዋጋው ግን በእጥፍና ከዚያም በላይ ጨመረ። ዛሬ ዶላር ይገኛል፣ የሚገዛበት ብር ነው የጠፋው።

ከዘመኑ የትራንስፖርት ሥራዎች የባቡሩን ብቻ ላንሣ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም ገደማ መደበኛ ሥራ ጀመረ። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ በብዛት ያለው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ባቡሩ ራሱ የመረቡ ደንበኛ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ይቆማል። ወደ ወደብ የሚሄድ ቡናና ከወደብ የሚመጣ ማዳበሪያ በመብራት መቋረጥ ምክንያት የሚቆምበት አገር ውስጥ ኃይልና ትራንስፖርት የየብቻ እቅድ ሊኖራቸው አይገባም።

ማን ይገዛዋል?

ትርፍ ኃይል እያለ፣ መረቡ ግን ገና ሳይደርስ፣ መንግሥት ፈጣን ደንበኛ ፈለገ። ከጅቡቲ ጋር ያለው መስመር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይሠራል። ለኬንያ በኅዳር 2015 ዓ.ም በ200 ሜጋ ዋት ሽያጭ ተጀመረ። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ውስጥ እስካለችው ሱስዋ የሚሄደው 500 ኪሎ ቮልት መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 2,000 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ ከሚችለው ጥቂቱን ነው የሚያደርሰው። ለጎረቤት መሸጥን እደግፋለሁ። የዘርፉ የውጭ ዕዳ በዶላር ነው፣ ዶላር የሚያመጣ ሽያጭ ያስፈልገዋል፤ ከጎረቤት ጋር በሽቦ መተሳሰርም ከብዙ ስምምነት የበለጠ ሰላም ያጸናል።

ሁለተኛው ፈጣን ደንበኛ ቢትኮይን አውጪዎቹ ናቸው። ማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ኮንቴይነር አስቀምጠው፣ ማሽናቸውን ደርድረው፣ በዶላር ይከፍላሉ። አዲስ መስመር አይጠይቁም። የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋም ከነርሱ ያገኘው ገቢ ቀላል አልነበረም፤ በኋላ ግን አዳዲስ ጥያቄዎችን መቀበል አቁሟል። ማቆሙ ትክክል ነው። ትርፍ ኃይል ውኃ ሆኖ ከሚፈስ ቢሸጥ ይሻላል፤ ነገር ግን መቶ ሜጋ ዋት የሚስብ እንዲህ ያለ ግቢ የሚቀጥረው ሰው ጥቂት ነው። ይህንኑ ያህል ኃይል ለጨርቃ ጨርቅ ቢሄድ ሺዎችን ይቀጥራል። በተለይም አንድ አምራች "ጣቢያው ሞልቷል" ተብሎ ወረፋ በሚጠብቅበት ማከፋፈያ ላይ ኮንቴይነሩ ቦታ ከያዘ ተገቢ አይደለም።

ሦስተኛው ደንበኛ በየግቢያችን ገብቷል። በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ጎዳና የተለመደ ሆኗል። የነዳጅ ዶላር የሚቆጥብ ደፋር ውሳኔ ነው፤ መንፈሱን እወደዋለሁ። ያ የሰፈር ትራንስፎርመር ግን አሁንም ያው ነው፤ በቤት የሚሞላ መኪና የሁለት ምጣድ ያህል ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት። ባትሪው በእኩለ ሌሊት እንዲሞላ የሚያበረታታ ታሪፍ ካልወጣ ምሽት ላይ ምጣዱና መኪናው ይጋጫሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና የመረብ መብራት የለውም። በኅዳር 2010 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ሁሉም ዜጋ መብራት እንዲያገኝ፣ 65 በመቶው በመረብ፣ 35 በመቶው ከመረብ ውጭ በፀሐይና በመሳሰለው እንዲሆን አቅዶ ነበር። ዓመቱ ደርሶ አልፏል። ከአገሪቱ የኃይል ፍጆታ ዘጠኝ አሥረኛ ገደማ የሚሸፍነው አሁንም እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው። ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ኩበት ይነዳል፤ ማዳበሪያውም በዶላር ይገዛል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም ከዳንጎቴ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት የተፈረመው ስምምነት ከኦጋዴን ጋዝ ጋር ተያይዞ ይህን ሰንሰለት ሊቆርጥ ይችላል። ከኃይል ጋር የተያያዘ ትልቅ የኢንዱስትሪ እቅድ ስንፈልግ ከቆየን ይህ አንዱ ነው፤ ያዩ ላይ ተጀምሮ የቀረውን የማዳበሪያ ፋብሪካ ግን ያየ ሰው በፊርማ ብቻ አይደሰትም።

ማን ይከፍላል?

የመብራት ዋጋ ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ ለ12 ዓመት ያህል አልተነካም ነበር። ዝቅተኛው እርከን በኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። በ2011 ዓ.ም፣ ከዚያም ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። የዋጋ ጭማሪ ማንንም አያስደስትም፤ ጡረተኛውን በተለይ ይጎዳል። ሆኖም ርካሽ መብራት ድሀውን ጠቀመ ማለትም አይቻልም። በርካሹ የተጠቀመው መብራት የነበረው ነው፤ ከድሀው አብዛኛው መስመሩ ሳይደርሰው በኩራዝና በእንጨት ኖሯል። ሽያጩ ወጪውን ሳይሸፍን ሲቀር ተቋሙ ከንግድ ባንክ ተበደረ፤ ዕዳው ተቆልሎ በ2013 ዓ.ም ለተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተላለፈ። ትራንስፎርመሩን ለመቀየር የሚሆን ገንዘብ ያልነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚከፋኝ ሌላ ነገር ነው። ታሪፉ ሲጨምር ደንበኛው በምላሹ የሚያገኘው አልተጻፈም። በየሩብ ዓመቱ ዋጋ የሚጨምር መርሐ ግብር ሲወጣ በየሩብ ዓመቱ የመቋረጥ ቁጥር የሚቀንስ መርሐ ግብርም አብሮ መውጣት ነበረበት። ለአምራች ደግሞ ርካሽ ዋጋ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ጥያቄው ነው። ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ የማይቋረጥ መስመር ማግኘት የሚመርጥ ፋብሪካ ብዙ አለ፤ የናፍጣ ወጪውን ያየ ይመርጣል። እንዲህ ያለውን ውል በግልጽ ማቅረብና መስመሩ ሲቋረጥ ካሣ መክፈል ለተቋሙም ገቢ፣ ለአምራቹም እፎይታ ነው።

የኢንዱስትሪ ፖሊሲው ራሱ ከመረቡ ሊጀምር ይችላል። አገሪቱ በሚቀጥሉት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ትራንስፎርመሮች፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣሪዎች፣ ምሰሶዎች፣ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ሽቦ ያስፈልጓታል። ይህ ገበያ በአጎዋ አይዘጋም፤ ገዢው አገር ውስጥ ነው፣ ፍላጎቱም ለሃያ ዓመት አይቆምም። በታጠቅ ትራንስፎርመር የመሥራት ልምድ አለን፤ የኮንክሪት ምሰሶ፣ ኬብልና ሽቦ የሚያመርቱም አሉ። ችግራቸው ትእዛዝ ሲመጣ ባንዴ መምጣቱ፣ ሲቀር ለዓመታት መቅረቱ ነው። ለአምስት ዓመት የጸና የግዢ ውል፣ ከጥብቅ የጥራት ፍተሻ ጋር፣ ቢሰጣቸው ማሽን ያስገባሉ፣ ወጣት መሐንዲስ ያሠለጥናሉ። የመንግሥቱን የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ የሜቴክን፣ ታሪክ አንረሳም። በ2010 ዓ.ም መጨረሻ ከሕዳሴው ግድብ ውል የተነሣው ዓመታት ባክነው ነው፤ ስለዚህ ውሉ ለአንድ ትልቅ ድርጅት ሳይሆን ለሚወዳደሩ ብዙዎች ይሁን።

አሁን በኦሞ ወንዝ ላይ የኮይሻ ግድብ 1,800 ሜጋ ዋት ሊያመነጭ እየተሠራ ነው። ግድቡ ገና ሳይመረቅ ኃይሉ ወደ የትኛው ከተማ፣ በየትኛው ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ለየትኞቹ ፋብሪካዎች እንደሚሄድ፣ ለመስመሩ የተያዘው በጀት ስንት እንደሆነ አሁኑኑ ይታተም። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱም በየማከፋፈያ ጣቢያው በወሩ መብራት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ደቂቃ እንደጠፋ በየወሩ ያውጣ፤ ኮምቦልቻ ያለ አምራች ያለበትን መስመር ከቢሾፍቱው ጋር አመሳክሮ እንዲጠይቅ።